የሕዝብ ገንዘብና የጦር መሣሪያ ፋብሪካ፤ ልኩ እስከ የት ነው?

መንግሥት ከሕዝብ የሰበሰበውን ግብር ለአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ሰጥቶ የጦር መሣሪያ ምርታቸውን እንዲያሳድጉ ሲያደርግ፣ የክርስቲያን ሕሊና ምን ሊል ይገባዋል? ጥያቄው ለፖለቲካ ሰዎችና ለጦር አዛዦች ብቻ የሚተው ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ገንዘቡ የሕዝብ ነው፤ በፋብሪካው ውስጥ የሚሠራውም ሰው ቤተሰብ ያለውና በሕሊናው የሚጠየቅ ነው፤ ተመርቶ የሚወጣው ነገር ደግሞ በመጨረሻ የሚያርፈው በሰው ልጅ ሥጋ ላይ ነው። ስለዚህ ነገሩ የሁላችንም ነው። ወጣቶች በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ስለ ጦርነት ሲጠይቁን «ጦርነት ክፉ ነው» ብለን ብናልፍ፣ ወይም «አገርን መከላከል ግዴታ ነው» ብለን ብንዘጋው፣ ጥያቄያቸውን አልመለስንም።

ነገሩን በተጨባጭ ለማየት በቅርብ ዓመታት በአውሮፓ የተደረገውን እንመልከት። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 በዩክሬን ላይ ሰፊ ወረራ ከከፈተች በኋላ፣ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች በመጋዘኖቻቸው ያለው የመድፍ ጥይት ፈጥኖ እየተመናመነ መሆኑን ተገነዘቡ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ጥይት ለዩክሬን ለመስጠት ቃል ገቡ፤ ቀኑ ሲደርስ ግን የተሰጠው ግማሽ ያህሉ ብቻ ነበር። የጐደለው ገንዘብ ብቻ አልነበረም። የቀዝቃዛው ጦርነት ካበቃ ወዲህ ብዙ የምርት መስመሮች ስለ ተዘጉ፣ ባሩድና ፈንጂ በሚፈለገው መጠን የሚያመርት አልተገኘም። ባሩድ የሚሠራበት ናይትሮሴሉሎስ የተባለው ንጥረ ነገር የሚዘጋጀው በአብዛኛው በጥጥ ፍሬ ላይ ተጣብቆ ከሚቀረው አጭር ጭረት ነው። እናቶቻችን ፈትለው ሸማ የሚያደርጉት ያው ጥጥ፣ በሌላ እጅ ሲገባ የመድፍ አረር ማስወንጨፊያ ይሆናል ማለት ነው።

በመሆኑም ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 የጥይት ምርትን የሚደግፍ ሕግ አውጥቶ 500 ሚሊዮን ዩሮ መደበ። በመጋቢት 2024 ድጎማውን የሚያገኙ 31 ፕሮጀክቶች ተመረጡ፤ ከገንዘቡም አብዛኛው ባሩድና ፈንጂ ለሚያመርቱት ተሰጠ። የታሰበው እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ በዓመት ሁለት ሚሊዮን ጥይት የማምረት አቅም እንዲፈጠር ነበር። ከጥይቱ ሽያጭ የሚገኘው ትርፍ የፋብሪካዎቹ ባለቤቶች ነው፤ የማስፋፊያው ወጪ ከፊሉ ግን በግብር ከፋዩ ጫንቃ ላይ ያርፋል።

እንግዲህ ይህን በጅምላ ማውገዝ ይገባናልን? አይገባንም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 13 እንደምናነበው፣ ፍልስጥኤማውያን እስራኤላውያን ሰይፍና ጦር እንዳይሠሩ ብለው በምድራቸው አንጥረኛ እንዳይገኝ አድርገው ነበር። ከዚህም የተነሣ እስራኤላዊው ገበሬ ማረሻውንና መጥረቢያውን እንኳ ለማሳል ወደ ጠላቱ አገር መውረድ ነበረበት። አንጥረኛ የሌለው ሕዝብ የሚያጣው ሰይፉን ብቻ አይደለም፤ የእርሻ መሣሪያውም በሌላው ፈቃድ ሥር ይወድቃል።

እኛም ይህን ከመጽሐፍ ብቻ የምናውቀው አይደለም። ፋሽስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ከመውረሯ ቀደም ባሉት ወራት፣ እንግሊዝ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከልክላ ነበር። ክልከላው በቃሉ እኩል ነበር፤ በሥራው ግን እኩል አልነበረም። ኢጣሊያ አውሮፕላኑንም መድፉንም በገዛ ፋብሪካዎቿ ትሠራ ነበር፤ ይህ ነው የሚባል የመሣሪያ ፋብሪካ ያልነበራት ኢትዮጵያ ግን ከውጭ ካልገዛች በቀር መከላከያ አልነበራትም። ከዚያ በኋላ የመርዝ ጋዝ በሕዝባችን ላይ እንደ ዘነበ እናውቃለን። «ዳር ሲፈታ መሀል ዳር ይሆናል» የሚለው የአባቶቻችን ብሂል ዛሬ ለፖላንዱም ሆነ ለሊቱዌኒያው ሰው ሳይተረጐምለት የሚገባው ነው። ቅድስት ቤተ ክርስቲያንም በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ የሰላም መንገድ ሁሉ ተሞክሮ ካልተሳካ፣ መንግሥታት ራሳቸውን በሕጋዊ መንገድ የመከላከል መብት ሊነፈጋቸው እንደማይችል አስተምራለች። መከላከል ከተፈቀደ፣ ለመከላከያ የሚያስፈልገውን ማዘጋጀትም በመሠረቱ የተፈቀደ ነው።

ይሁን እንጂ ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። ጥይት መግዛት አንድ ነገር ነው፤ የጥይት ፋብሪካ ማስፋፋት ሌላ ነገር ነው። የተገዛ ጥይት ይተኮሳል ወይም በመጋዘን ያረጃል። የሰፋ ፋብሪካ ግን በየዓመቱ ትእዛዝ ይሻል፤ ሠራተኛው ደመወዙን፣ ባለአክሲዮኑ ትርፉን፣ ከተማው ግብሩን ከእርሱ ይጠብቃል። ጦርነቱ ቢያበቃ እንኳ ይህ ሁሉ ፍላጎት አብሮ አያበቃም። ያን ጊዜ ፋብሪካው የጦርነቱ አገልጋይ መሆኑ ይቀርና ጦርነት የፋብሪካው ቀላቢ ወደ መሆን ይደርሳል። ይህን አደጋ ያስተዋሉት የሃይማኖት ሰዎች ብቻ አይደሉም፤ የጦር ጄኔራል የነበሩት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. በጥር 1961 ሥልጣናቸውን ሊለቁ ሲሉ፣ የጦር ኃይሉና የመሣሪያ ኢንዱስትሪው ጥምረት ተገቢ ያልሆነ ሥልጣን እንዳይዝ ሕዝባቸውን አስጠንቅቀዋል።

የአውሮፓው ሕግ የሚያበቃበት ቀን ተቆርጦለት ነበር፤ እርሱም ሰኔ 30 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ነበር። ሕጉ ቀን አለው፤ ፋብሪካው ግን ቀን የለውም። የሕጉ ዘመን ሳይፈጸም በመጋቢት 2025 እስከ 800 ቢሊዮን ዩሮ ለመከላከያ ማንቀሳቀስ ያስችላል የተባለ ዕቅድ ቀረበ፤ በግንቦትም 150 ቢሊዮን ዩሮ ብድር ተፈቀደ። በስቶክሆልም የሚገኘው የሰላም ምርምር ተቋም እንዳሰላው፣ የዓለም መንግሥታት በ2024 ለጦር ኃይል ያወጡት ገንዘብ 2,718 ቢሊዮን ዶላር ደርሷል፤ ይህም ካለፈው ዓመት በ9.4 በመቶ ይበልጣል።

ይህ ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ መጠየቅ የድኾች መብት ነው። የብሪታንያ መንግሥት በየካቲት 2025 የመከላከያ ወጪውን ሲያሳድግ፣ ለውጭ እርዳታ የሚመድበውን ከብሔራዊ ገቢው 0.5 በመቶ ወደ 0.3 በመቶ እስከ 2027 ድረስ ዝቅ እንደሚያደርግ በግልጽ አስታውቋል። ኢትዮጵያ ከዚያ እርዳታ ብዙ ከሚደርሳቸው አገሮች አንዷ ሆና ቆይታለች። እንግዲህ በሩቅ አገር የሚሰፋ ፋብሪካ በእኛ ገጠር ካለ ጤና ጣቢያ ጋር ግንኙነት የለውም ማለት አይቻልም። ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1964 በቦምቤይ፣ ኋላም በ1967 በሐዋርያዊ መልእክታቸው፣ ለመሣሪያ ከሚወጣው ገንዘብ ተከፍሎ ለተቸገሩ የሚውል የዓለም መርጃ ገንዘብ እንዲቋቋም ጠይቀው ነበር። ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስም በ2020 ይህንኑ ደግመው ጠየቁ። ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ የቆየ ልመና ነው።

በፋብሪካው ውስጥ የሚሠራውን ሰው ደግሞ አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ1981 የአማሪሎ (ቴክሳስ) ጳጳስ የነበሩት አቡነ ሊሮይ ማቲሰን፣ በሀገረ ስብከታቸው ባለው የኑክሌር ቦምብ መገጣጠሚያ የሚሠሩ ምእመናን ስለ ሥራቸው በሕሊናቸው እንዲመረምሩና ሰላማዊ ሥራ እንዲፈልጉ ጥሪ አቀረቡ። ብዙ ሠራተኞች አዘኑባቸው፤ ሥራቸውን የለቀቁት እጅግ ጥቂት ነበሩ። በእርግጥ የመድፍ ጥይት ከተማን ሙሉ ከሚያጠፋ ቦምብ ጋር አንድ አይደለም። ነገር ግን ከታሪኩ የምንማረው አለ፤ የልጆቹ እንጀራ በመሣሪያው ላይ የተመሠረተ ሰው በነጻነት ለመምረጥ ይቸገራል። በአገራችንም ለስብከት የመጡ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ በጋፋት መድፍ ሲያቀልጡ መኖራቸውን እናስታውሳለን። ብዙ ሕዝብ ተራራ ለተራራ እየጐተተ መቅደላ ያደረሰው «ሴባስቶፖል»፣ በ1860 ዓ.ም. ንጉሡን ከሽንፈት አላዳናቸውም።

ስለዚህ ምን እንበል? ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1994 በጳጳሳዊው የፍትሕና የሰላም ምክር ቤት አማካይነት ስለ መሣሪያ ንግድ ባወጣችው ጽሑፍ አንድ መለኪያ ሰጥታናለች፤ እርሱም «ብቃት» ይባላል። አንድ አገር ሊይዝ የሚገባው ለሕጋዊ መከላከያው የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው። ከዚህ መለኪያ ሦስት ጥያቄዎች ይወለዳሉ። አንደኛ፣ ምን ያህል? ከየትኛው አደጋ ለመከላከል ስንት እንደሚበቃ ሳይነገር የሚሰጥ ገንዘብ ልክ የለውም። ሁለተኛ፣ ለማን? በሕዝብ ገንዘብ የሰፋ ፋብሪካ የተረፈውን ምርት ለጨቋኝ ወይም እርስ በርሱ ለሚፋጅ ወገን ቢሸጥ፣ ግብር ከፋዩ ሳያውቅ የደሙ ተካፋይ ይሆናል። ሦስተኛ፣ እስከ መቼ?

ይህ ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነው። እንደ እኛ እምነት፣ ፋብሪካውን ለማስፋት የሕዝብ ገንዘብ የሚያወጣ መንግሥት፣ ያው ፋብሪካ ወደ ሰላም ሥራ የሚመለስበትን ወጪና ዕቅድ በዚያው ቀን የማዘጋጀት ግዴታ አለበት። ይህ ሕልም አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአላባማ፣ መስል ሾልስ በተባለ ስፍራ ለፈንጂ የሚሆን ናይትሬት ማምረቻ ሠርቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ ያው ስፍራ የማዳበሪያ ምርምርና ምርት ማእከል ሆነ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ እንደገና ለፈንጂ አገልግሏል፤ ከጦርነቱም በኋላ ወደ ማዳበሪያው ተመልሷል። ፈንጂውና ማዳበሪያው ከአንድ ናይትሮጂን ይወጣሉ፤ የሚለያያቸው የሰው ፈቃድ ነው።

ነቢዩ ኢሳይያስ ሰይፍ ማረሻ ስለሚሆንበት ቀን ሲናገር፣ ብረቱ በራሱ ይለወጣል አላለም፤ ቀጥቅጠው የሚለውጡት ሰዎች ናቸው። ቀጥቃጭ ደግሞ ከሰል፣ መዶሻና ደመወዝ ይሻል። ስለዚህ ለልጆቻችን ስናስተምር፣ መንግሥታት ለሰይፉ የሚቆርጡትን በጀት ሲያነቡ ለማረሻው የተቆረጠው ስንት እንደ ሆነ አብረው መጠየቅን እንዲለምዱ እናድርግ።