ከጦር ሠራዊት የተወገደ ዕቃ መግዛት ይፈቀዳል?

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተሰብስበን ስንጨዋወት ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ። በኢንተርኔት ገበያ የውጭ አገር ወታደሮች የለበሱት ካፖርት፣ ቡትስ ጫማ፣ የመኝታ ከረጢት፣ የመገናኛ ሬዲዮ፣ ሌላም ሌላም ይሸጣል። ዋጋው ርካሽ፣ ዕቃው ጠንካራ ነው። ውጭ ያለ ዘመድ ገዝቶ ይልካል። ታዲያ ይህ ሐላል ነው ወይ? ይላሉ። እኔ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ፈትዋውን ለባለቤቶቹ ለዑለማዎቹ እተዋለሁ። ይሁንና ነገሩ ከፈትዋ በፊት ማሰብን ይጠይቃል።

አንዳንዶች የወታደር ዕቃ ሁሉ ደም የነካው ነው፣ አይነካም ይላሉ። ይህን አልቀበልም። በ1983 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊት ሲበተን ስንቱ ወታደር ካፖርቱንና ብርድ ልብሱን መርካቶ አውጥቶ ሸጦ እንጀራ እንደበላ ያየን እናውቀዋለን። ያንን ካፖርት የገዛው የቀን ሠራተኛ በምን ይወቀሳል? ብርድ ከልክሎበታል። (ምናለሽ ተራ የሚሸጠው ሁሉ የቀድሞ ታሪኩ ቢጠየቅ ኖሮ ተራው በአንድ ቀን ይዘጋ ነበር።)

የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። ዕቃው ከጦር ሠራዊቱ እጅ የወጣው እንዴት ነው? ዲናችን በዚህ ላይ የሚያስፈራ ትምህርት አለው። ከኸይበር ዘመቻ መልስ አንድ አገልጋይ በቀስት ተመትቶ ሲሞት ሰዎች ጀነት ገባ ብለው ደስ አላቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ከገኒማው ላይ ሳይከፋፈል የወሰደው ካባ እሳት ሆኖ እንደሚነድበት ተናገሩ። ይህን የሰማ አንድ ሰው የጫማ ማሰሪያ ይዞ መጥቶ መለሰ። ጉሉል ማለት ይህ ነው። ከጋራ የጦር ንብረት የተሰረቀ ነገር፣ ማሰሪያም ቢሆን፣ ገበያ ስለወጣ አይጸዳም።

በአሜሪካ የመከላከያ መሥሪያ ቤቱ የማያስፈልገውን ንብረት በሕግ መሠረት በጨረታ ያስወግዳል፤ ለአደጋ የሚሰጠውም ዕቃ ቀድሞ እንዲሰበር ወይም እንዳይሠራ እንዲደረግ ደንብ አለው። ደንቡ ግን ያፈስሳል። እ.ኤ.አ. በ2008 የአገሪቱ ኮንግረስ የሒሳብ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መርማሪዎች ተራ ገዢ መስለው ከኢቤይና ከክሬግስሊስት በጨለማ የሚያሳይ መነጽር፣ የጥይት መከላከያ፣ የኤፍ-14 አውሮፕላን ዕቃ ሳይቀር እንደገዙ ለኮንግረሱ አስታወቁ። ከፊሉ ከሠራዊቱ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል ተብሎ ተጠረጠረ። እንግዲህ ገዢው ቢያንስ ይህን ይጠይቅ፦ ሻጩ ከየት አመጣው? የጨረታ ወረቀቱስ የት አለ? ካፖርት ከሆነ ነገሩ በዚህ ያበቃል።

ወደ ዋናው ልግባ። እ.ኤ.አ. በ2022 ኬኦስ ኮምፒውተር ክለብ የተባለው የጀርመን ማኅበር ተመራማሪዎች የአሜሪካ ጦር በአፍጋኒስታንና በኢራቅ የሰው ማንነት ለመመዝገብ ይጠቀምባቸው የነበሩ መሣሪያዎችን ከኢቤይ ገዙ። አንደኛውን በ68 ዶላር ነው ያገኙት። ሲከፍቱት ማስታወሻ ካርዱ ውስጥ የ2,632 ሰዎች ስም፣ ፎቶግራፍ፣ የጣት አሻራና የዓይን ብሌን ምስል ተቀምጧል፤ አብዛኞቹ የአፍጋኒስታንና የኢራቅ ሰዎች ናቸው። መሣሪያው ለመጨረሻ ጊዜ የሠራው እ.ኤ.አ. በ2012 ካንዳሃር አካባቢ ነበር። ከተመዘገቡት ውስጥ የሚፈለጉ ሰዎች ነበሩ፤ ለአሜሪካኖች የሠሩም ነበሩ፤ ኬላ ላይ እንዲያው ሲያልፉ የተያዙም ነበሩ። መረጃውን የሚሸፍን ምስጢራዊ ቁልፍ አልነበረውም። ሱብሀነላህ! ይህ ሁሉ ሲሆን ካቡል ከአንድ ዓመት በፊት በታሊባን እጅ ገብታለች።

እዚህ ላይ ጥያቄው ይለወጣል። ይህ መሣሪያ በትክክለኛ ጨረታ ተሸጦ፣ ማኅተም ያለው ደረሰኝ ተቆርጦለት ነበር እንበል። ብረቱና ካሜራው የጦሩ ንብረት ነበርና በሽያጭ ወደ ገዢው ይተላለፋል። የዚያ ካንዳሃር ኬላ ላይ ቆሞ ጣቱን የተጫነ ገበሬ አሻራ ግን መቼ የጦሩ ሆነ? ሰውየው አልሸጠው፣ አልሰጠው፤ ጠመንጃ ፊት ቆሞ ነው የተወሰደበት። የራስ ያልሆነን መሸጥ እንደማይቻል ማንም የመርካቶ ነጋዴ ያውቃል። ስለዚህ ደረሰኙ ብረቱን እንጂ ውስጡ ያለውን ሊያጸዳ አይችልም። «ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁት ነው» የሚለው ክርክር እዚህ ይቆማል።

«እኔ ባልገዛው ሌላው ይገዛዋል» የሚልም ይኖራል። የጀርመኖቹ ምሳሌ ለዚህ ሰው ሊጠቅመው ይችላል፤ እነርሱ የገዙት ጉዱን ለማሳየት ነበርና። ኒያው እንዲህ ከሆነ አልቃወምም። ነገር ግን ለጉጉት ገዝቶ፣ ፎቶውን ለጓደኛ አሳይቶ፣ ሲሰለቸው ትንሽ አትርፎ መልሶ ለሚሸጠው ምን ምክንያት አለው? መሣሪያው ነገ ማን ቤት እንደሚገባ አያውቅም። ስሙ እዚያ ውስጥ ያለ አስተርጓሚ ግን የሚያድር የሚውለው ቤተሰቡ መሐል ነው።

ሳያውቅ የገዛስ? የሰው አማና እጁ ገብቷልና እንደ ወደቀ ዕቃ ሊመለከተው ይገባል። የወደቀ ዕቃ ያገኘ ሰው ደንቡ በአደባባይ እያስታወቀ ባለቤቱን መፈለግ ነው። እዚህ ግን ስማቸውን መጥራት ራሱ እነርሱን ማስገደል ሊሆን ይችላል፤ ለወሰደባቸው ጦር መልሶ መላክም ለባለቤቱ መመለስ አይባልም። የቀረው መንገድ ካርዱን አውጥቶ መሰባበር ነው። ባዶውን መሣሪያ ከፈለገ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጠው፤ ስለ 68 ዶላሩ ከሻጩ ጋር ይነጋገር።