በደብተሩ ያልሰፈረው ሒሳብ

አባቴ አንዲት ቮልስዋገን ነበረቻቸው። ዕድሜዋ ከእኔ ይበልጣል። በ1975 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ አገር መምህር ላይ በ4 ሺህ 500 ብር ገዟት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ለእሷ ያወጡትን እያንዳንዱን ሳንቲም የሚጽፉበት ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር አላቸው። ካንዴላ፣ ዘይት፣ ጎማ፣ የፍሪሲዮን ሸራ፣ ቦሎ፤ ሁሉም ከነቀኑ ሰፍሯል። ባለፈው ክረምት፣ ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ቤታችን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ እኔ ያንን ደብተር ይዤ ስደምር አመሸሁ።

ድምሩ ከመግዣዋ ዋጋ ብዙ እጥፍ ሆኖ አገኘሁት። ወዲያው ግን ስሕተቴ ታየኝ። የ1975 ብርና የ2017 ብር በአንድ ዓምድ አይደመሩም። መኪናዋ በተገዛች ጊዜ አንድ ዶላር የሚመነዘረው በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ነበር። በመስከረም 1985 ዓ.ም. 5 ብር ገባ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው በቀናት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መለዋወጫው የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነውና፣ ያችው ቁራጭ ብረት በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በሳንቲም፣ በመጨረሻው ገጽ ላይ በሺህ ተጽፋለች። ቤንዚኑም እንዲሁ ነው፤ በ2014 ክረምት ሊትሩ ከ50 ብር በታች ነበር፤ በጥር 2017 ከ100 ብር በላይ ሆነ።

ታዲያ አባቴ ተሞኝተው ኖረዋል ማለት ነው? እንዲህ ብሎ ለመፍረድ አይቸኩሉ፣ አንባቢ። በሌላው ዓለም መኪና ከመሸጫው በር በወጣች ማግስት ዋጋዋ መውረድ ይጀምራል። በእኛ አገር ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት የተነዳች መኪና ከተገዛችበት በብዙ እጥፍ ስትሸጥ አይተናል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ሰባት ዓመት ባለፋቸው ያገለገሉ መኪናዎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተከለከለ። የሕጉ ሐሳብ ጭሱን መቀነስ ነበር፤ መልካም ሐሳብ ነው። ይሁን እንጂ አዲሱን መግዛት የማይችል ሰው ያለችውን አሮጌ አጥብቆ ከመያዝ በቀር ምን ምርጫ አለው? በኩባም እንዲሁ ሆኗል። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በጸናው የአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ምክንያት ከዚያ በፊት የገቡት የአሜሪካ መኪናዎች እየተጠገኑ እስከ ዘመናችን በሐቫና ጎዳናዎች ሲነዱ ኖረዋል። አሮጌ መኪና መያዝ ሁልጊዜ ንፉግነት ወይም ግትርነት አይደለም፤ አንዳንዴ የአቅም ጉዳይ ነው።

ፍቅርም አለበት። ፕሉታርክ የተባለው የጥንት ጸሐፊ ስለ ቴሴዎስ መርከብ ያወሳል። አቴናውያን የጀግናቸውን መርከብ ለማቆየት የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ ሲተኩ ብዙ ዘመን ኖሩ። ፈላስፎቹም ያችው መርከብ ናት፣ አይደለችም እያሉ ተከራከሩ። የአባቴ ቮልስም ሞተሯ ሁለት ጊዜ ወርዷል። ፒስተኑና ፋሻው ተቀይሯል፣ ወለሏ ዝጎ ተበይዷል፣ ፓራፋንጎዎቿ ከሶማሌ ተራ ተለቅመው መጥተዋል፣ ቀለሟም ከነጭ ወደ ሰማያዊ ዞሯል። ለመንግሥት መልሱ ቀላል ነው፤ የሻንሲ ቁጥሯ በሊብሬው ላይ እንዳለ ነው። አባቴን አንድ ቀን «ይህች እኮ የገዟት መኪና አይደለችም» ብላቸው፣ ራሰ በራቸውን ዳበስ አድርገው «እኔስ የዚያን ጊዜው ሰው ነኝ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ፍቅሩን ግን አንድ ሌላ ነገር ይከተለዋል፤ እሱም «ይህን ያህል አውጥቼባት እንዴት እተዋታለሁ» የሚለው ሐሳብ ነው። ትናንት የወጣው ገንዘብ ዛሬ ብንጠግንም ባንጠግንም አይመለስም። ጥያቄው መሆን ያለበት ከዛሬ ወዲያ ምን ታስከፍለናለች የሚለው ነው። እኛ ግን በወጪ ላይ ወጪ፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ እየጨመርን፣ ኪሳራውን ራሱን የታማኝነት ማስረጃ እናደርገዋለን። በመኪና ብቻም አይደለም፤ በንግድ፣ በትዳር፣ በፖለቲካም እንዲሁ ነን።

እስካሁን ያልሁት ሁሉ ባለቤቱ በራሱ ላይ ስለሚያመጣው ወጪ ነው። የራሱን ገንዘብ ቢያባክን ማን ከልካይ አለው? ነገሩ ሌላ መልክ የያዘብኝ ከአምስት ዓመት በፊት፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ካለው የእንጦጦ ኮረብታ ስንወርድ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ በሆነው የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ይብስበታል። የድሮ ካርቡራተር ይህን አያውቅም፤ ካልተስተካከለ ለሳሳው አየር ያንኑ ቤንዚን ይሰጣል፤ ያልተቃጠለውም ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ስንወጣ ባሕር ዛፍ ለመልቀም ዳገቱን የያዙ ሴቶች አፍንጫቸውን በነጠላቸው እየሸፈኑ ዳር ሲይዙልን አይቻለሁ። ቁልቁለቱ ደግሞ የፍሬን ፈተና ነው። ሸራው ከታምቡሩ ጋር ሲፋተግ ይግላል። የቆየ የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ ሙቀቱ ሲበዛ ይፈላል፤ ፔዳሉም ባዶ ይሆናል።

የእኛም ባዶ ሆነ። አባቴ በሁለተኛ፣ ቀጥሎም በአንደኛ ማርሽ ያዟት፤ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፤ ጎማዋን ከቦዩ ጠርዝ ጋር አፋተጉ። ከፊታችን እንጨት የተሸከመች ሴት ነበረች። ሸክሟን ወርውራ ቦዩ ውስጥ ዘለለች። መኪናዋ ከእሷ ሁለት እርምጃ ያህል ርቃ ቆመች። አባቴ ወርደው የተበተነውን እንጨት ሰብስበው ሊያሸክሟት ቢሞክሩ እስሩን ከመሬት ማንሳት አቃታቸው። «ተዉት አባቴ፣ እርስዎ አይችሉትም» አለቻቸውና ራሷ ተሸክማው ወረደች።

ያን ዕለት በደብተሩ የሰፈረው «የፍሬን ዘይት» የሚል አንድ መስመር ነው። ሴትዮዋ የለችበትም። ጭሱም የለበትም። ያን ሁሉ ዓመት የደመርነው እኛ የከፈልነውን ብቻ ነበር፤ ሌላ ሰው የከፈለልንን የጻፈ የለም። መኪና የሌለው የእኛን መኪና ዋጋ በሳንባው ይከፍላል፤ ከባሰም በእግሩ።

«ስለዚህ ድሃ መኪና አይንዳ ልትል ነው?» የሚለኝ ይኖራል። አልልም። በላዳ ታክሲ ልጆቹን ያስተማረ ስንት አባት በዚህ ከተማ አለ! በአግባቡ የተያዘ አሮጌ መኪና በግዴለሽ ከሚነዳ አዲስ ይሻላል። ነገር ግን መንከባከብና መለጣጠፍ አንድ አይደሉም። የሚንከባከብ ሰው መጀመሪያ ሌላውን የሚጎዳውን ያድናል፤ ፍሬኑን፣ መሪውን፣ ጎማውን፣ ጭሱን። የሚለጣጥፍ ሰው ቀለሙን አስቀብቶ ፍሬኑን ለሚቀጥለው ወር ያሳድራል። ፍሬን ለማሠራት ገንዘብ የሌለው ሰው መንዳት አይችልም ማለት ጨካኝ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ጭካኔው ሸክም ተሸክማ ከምትወርደው ሴት ፊት ሲታይ ከየትኛው ወገን ነው?

ባለፈው መስከረም ገዢ መጣ። አንድ ወጣት ነው፤ ሞተሩን እንኳ ሳያስነሳ በቀለሟ ተማረከ። ዋጋውም ያላሰብነው ነበር። የፍሬን ማስተሯ ማፍሰስ እንደ ጀመረ እናውቃለን፤ እሱ አልጠየቀም። «ያልጠየቀውን ምን አናገረን?» አልሁ፤ ይህን ሁሉ የምጽፈው እኔው ነኝ ያልሁት። አባቴ ዝም ብለው ቆዩና «ልጄ፣ እሱ እኮ ሰፈሩ ፈረንሳይ ነው አለ» አሉኝ።

ልጁን ለሳምንት ቀጠሩት። መኪናዋን ጋራዥ አስገብተው ማስተሯንና የአራቱንም ጎማ ሸራ አስቀየሩ። ሜካኒኩ «ጋሼ፣ የሚሸጥ መኪና ላይ ይህን ሁሉ?» ብሎ ሳቀባቸው። ማታ ደብተሩን አውጥተው ወጪውን ከነቀኑ ጻፉ። ከሥሩም መስመር አሰመሩበት።