ልጅ ለዘገየባቸው ባልና ሚስት ስለሚገባ ማጽናናት

ልጅ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ነገር ግን ስጦታ መሆኑን ማወቅና ስጦታው ለዘገየበት ሰው ምን መናገር እንደሚገባ ማወቅ አንድ አይደለም። ስለ ፊተኛው ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተሰብኳል። ስለ ኋለኛው ግን ካህናትም ምእመናንም ሳናስብበት የምንናገረው ስለሚበዛ፥ በዚህ ጽሑፍ ጥቂት ልንመለከተው ወደድን። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ዕድሜያቸው ገፍቶ ሳለ ልጅ የሚሹትን ባልና ሚስት «አይዟችሁ፥ እግዚአብሔር ይሰጣችኋል» ብሎ ማጽናናት በእውነት ማጽናናት ነውን?

ነገሩ በጥቅል ቃል ብቻ እንዳይቀር የወላይታን ምድር እናስብ። ወላይታ በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው የገጠር ቦታዎች አንዱ ነው። ከሶዶ ከተማ ወጥቶ በየትኛውም አቅጣጫ የሚሄድ መንገደኛ በእንሰቱ ጥላ ሥር የሚሯሯጡ ሕፃናትን ሳያይ ብዙ አይርቅም። ልጅ በበዛበት አገር ልጅ ማጣት እጥፍ ይከብዳል። ይልቁንም በመስከረም፥ ሕዝቡ ጊፋታ ብሎ የዘመን መለወጫውን በሚያከብርበትና መስቀል በሚውልበት ወራት፥ ወንዶቹ ለበሬ ሴቶቹ ለቅቤ ዓመቱን ሙሉ በማኅበር ሲቆጥቡ ከርመው ቤቱ ሁሉ በሚሞላበት ጊዜ፥ በሩቅ አገር ያሉት ልጆች ወደ ወላጆቻቸው ይመለሳሉ። በዚያ ሰሞን ደጁን የሚያንኳኳ ልጅ የሌለው ቤት ዝምታው ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይሰማል።

ዘግይቶ ልጅ መፈለግም በዘመናችን በዝቷል። ከዚህ አገር ብዙ ጐልማሳ ለሥራ ወጥቶ በወንጂና በመተሐራ የሸንኮራ እርሻ፥ በአዲስ አበባም ዘመኑን ይገፋል፤ ትዳር የሚይዘው ጥቂት ገንዘብ ካጠራቀመ በኋላ ነው፤ ከያዘም በኋላ ብዙውን ወር ከሚስቱ ተለይቶ የሚያሳልፍ አለ። ሴቶች ልጆችም ትምህርታቸውን ፈጽመው ሥራ ይዘው የሚያገቡት ተበራክተዋል፤ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ደግሞ ትምህርቱ እስከ ደጃቸው መጥቷል። ይህን እንደ ነውር የሚቈጥር ሰው ቢኖር እኛ ከእርሱ ጋር አይደለንም። ሆኖም ሥጋ የራሱ ቀጠሮ አለው። የሴት የመፅነስ ኃይል ከ35 ዓመት በኋላ ፈጥኖ ይቀንሳል፤ ከ40 በኋላ ይልቁን ያንሳል፤ ወንዱም ቢሆን ከዕድሜ ነጻ አይደለም።

እንዲህ ያሉት ባልና ሚስት ከጎረቤት የሚሰሙት ሁለት ዓይነት ቃል ነው። አንደኛው ክፉ ቃል ነው፤ «በቅሎ» የሚለውን ስድብ ያልሰማች መካን ሴት ጥቂት ናት። ስለዚህ ቃል ብዙ መከራከር አያስፈልግም፤ ኃጢአት ነውና። በመቅደስ መሥዋዕታቸው የተናቀባቸው ኢያቄምና ሐና የእመቤታችን ወላጆች መሆናቸውን እያወቀ፥ ነሐሴ 7 ቀን የፅንሰቷን በዓል እያከበረ፥ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ጎረቤቱን በቅሎ ብሎ የሚሰድብ ሰው በዓሉን አላከበረም። ሁለተኛው ግን ደግ መስሎ የሚነገረው ቃል ነውና እርሱ ነው ምርመራ የሚያሻው።

በቅኔ ቤት ሰዋስው የተማረ ሁሉ ትንቢት አንቀጽና ትእዛዝ አንቀጽ ልዩ መሆናቸውን ያውቃል። «ይሁብ» ባልን ጊዜ ወደ ፊት የሚሆነውን እንናገራለን፤ «የሀብ» ባልን ጊዜ ግን እንለምናለን፥ እንመርቃለን። በአማርኛችንም «ይሰጥሻል» እና «ይስጥሽ» በፊደል ተቀራራቢ ናቸው፤ በነገር ግን ሰማይና ምድር ናቸው። በፊተኛው የእግዚአብሔርን ምክር እንደምናውቅ ሆነን እንናገራለን፤ በኋለኛው ከሴቲቱ አጠገብ ተንበርክከን አብረን እንለምናለን። ለአብርሃምና ለሣራ በትንቢት አንቀጽ የተናገረ፥ ጊዜውንም የቀጠረ፥ ራሱ ባለቤቱ ነው። ለዘካርያስም የነገረው ከእግዚአብሔር ፊት የተላከ መልአክ ነው። ካህኑ ዔሊ ግን ሊቀ ካህናት ሆኖ ሳለ ሐናን በሰላም ሲያሰናብታት ከልመና ቃል አላለፈም፤ «ይስጥሽ» ነው ያላት። እርሱ ያላለፈውን ድንበር እኛ በምን ሥልጣን እናልፋለን?

ስለ ዔሊ ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። በመጀመሪያ ከንፈርዋ ሲንቀሳቀስ ድምፅዋ ሲጠፋ አይቶ ሰካራም መሰለችው፤ ገሠጻትም። መልስ በሰጠችው ጊዜ ግን አደመጣት፤ የመረቃት ካደመጣት በኋላ ነው። ከእኛ ግን ብዙዎች ሳናደምጥ እንመርቃለን።

«ይሰጥሻል» የሚለው ቃል ጕዳቱ የሚታየው ዘመኑ ባለፈ ጊዜ ነው። በሚቀጥለው ዓመት በዚህ ጊዜ ልጅ ትታቀፋላችሁ እያሉ በየአደባባዩ የሚናገሩ ሰዎች ዛሬ ብዙ ናቸው፤ በእኛም ዘንድ፥ በየጠበሉ ስፍራ፥ እንዲህ የሚል አልጠፋም። ዓመቱ ሲመለስ ልጁ ባይመጣ ተናጋሪው ዕዳውን አይከፍልም፤ በሴቲቱ ላይ ይጥለዋል እንጂ። «እምነትሽ ጐድሎ ነው፤ የተሰወረ ኃጢአት ቢኖርብሽ ነው» ይላታል። በንስሐ አባትነት ዘመናችን እንዳየነው፥ ከመካንነቱ ይልቅ ይህ ክስ ልብን ይሰብራል። ሴቲቱ የሃያ ዓመት ኑሮዋን ገልብጣ የትኛው በደሏ እንደ ሆነ ስትፈልግ ትኖራለች። የኤልሳቤጥና የዘካርያስ ጽድቅ በወንጌል የተመሰከረው ገና ልጅ ሳይወልዱ መሆኑን የሚነግራት ያስፈልጋታል።

ታዲያ ተስፋን እናጥፋን? የሚለን ይኖራል። አይደለም። «በቃ፥ ጊዜሽ አልፏል፤ አርፈሽ ተቀመጪ» የሚለውም ያው የማያውቀውን የሚናገር ነው፤ አንዱ በሩን ከፈትሁ ይላል፥ ሌላው ዘጋሁ ይላል፤ መክፈቻው ግን በአንዳቸውም እጅ የለም። ተስፋ በእግዚአብሔር ላይ የሚጣል እንጂ በተቈረጠ ቀን ላይ የሚጣል አይደለም። ለሰው የሚገባው ሥራ የመጠበቂያውን ዘመን ርዝመት መተንበይ ሳይሆን ጥበቃውን አብሮ መጠበቅ ነው።

አብሮ መጠበቅ በመጀመሪያ የባልና የሚስት ነው። መጽሐፍ በዚህ ረገድ ልዩ ልዩ ባሎችን ያሳየናል። ያዕቆብ ራሔል ልጅ ስጠኝ ባለችው ጊዜ ተቈጣ። ሕልቃና አልተቈጣም፤ ሐናን ይወድዳት ነበር፤ ድርሻዋንም ያከብር ነበር፤ ነገር ግን እርሱ ራሱ ከልጆች ይልቅ ሊበቃት እንደሚገባ ነገራት። ፍቅሩ እውነተኛ ነው፤ ቃሉ ግን ኀዘኗን ተካፈለላት ወይስ እንድትተወው ጠየቃት? እኛስ የኋለኛው ይመስለናል። እርሱ እኮ ከፍናና ልጆች ነበሩት። ይስሐቅ ርብቃን ሲያገባ 40 ዓመቱ ነበር፤ መንታው ሲወለዱ 60 ሆኖት ነበር። በእነዚያ 20 ዓመታት ሌላ ሚስት አላገባም፤ መካን ነሽም ብሎ አላሳፈራትም፤ ስለ እርስዋ እግዚአብሔርን ለመነ። አባቱ በአጋር ነገር ያደረገውን ሲያውቅ እርሱ ግን ያን መንገድ አልሄደም።

የወላይታ ምእመናንን ይልቁን የሚመለከት ሌላ ታሪክም አለ። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወላጆች ካህኑ ጸጋ ዘአብና እግዚእ ኀረያ ብዙ ዘመን ያለ ልጅ ኖረዋል። ባልዋ አልፈታትም። በየወሩ በቅዱስ ሚካኤል መታሰቢያ አብረው ድኾችን ያበሉ ነበር። በገድሉ እንደ ተጻፈ የዳሞቱ ንጉሥ ሞተለሚ አገራቸውን በወረረ ጊዜ እግዚእ ኀረያ ተማርካ ወደ ዳሞት ተወሰደች፤ ንጉሡም ሊያገባት ወደደ፤ ቅዱስ ሚካኤል ግን ወደ ባልዋ መለሳት። ጻድቁ የተፀነሱት ከዚህ በኋላ መጋቢት 24 ቀን ነው፤ የተወለዱትም ታኅሣሥ 24 ቀን። ይህ ሞተለሚ በወላይታ ሽማግሎች ትውፊት ካዎ ሞቶሎሚ የሚባለው የወላይታ ንጉሥ ነው፤ ከሶዶ በላይ የቆመው የዳሞታ ተራራም የዚያን ስም ዝክር ይዟል ይላሉ። ያ መካን ሴትን የማረከ ንጉሥ ኋላ በልጅዋ እጅ ተጠምቋል። የ24 ጽዋ የሚጠጣ የሶዶ ምእመን ይህን እያሰበ ሊጠጣ ይገባዋል።

አብሮ መጠበቅ አብሮ መመርመርንም ይጨምራል። ይህን በቤተ ክርስቲያን ገጽ መጻፋችን የሚያስደንቀው ቢኖር የሲራክን መጽሐፍ ስለ ባለ መድኃኒት የሚናገረውን ምዕራፍ ያንብብ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ዓ.ም. እንዳስታወቀው በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ ያህል በዘመኑ ይህ ችግር ያገኘዋል። ምክንያቱም የሴቲቱ ብቻ አይደለም፤ ግማሽ በሚያህሉት ባለ ትዳሮች ብቻውን ወይም ከሴቲቱ ጋር የባልየው ድርሻ አለበት። በአገራችን ግን ሴቲቱ በየጠበሉና በየሐኪም ቤቱ አሥር ዓመት ስትንከራተት ባልየው አንድ ጊዜ እንኳ የዘር ምርመራ ሳያደርግ ይቀራል፤ ወንድነቱ የተነካበት ይመስለዋልና። ሳይታከም በቈየ ደዌ የተዘጋ የማሕፀን ቱቦ፥ የማሕፀን ዕጢ፥ የወንድ ዘር ማነስ በምርመራ የሚታወቁ ናቸው፤ የሚታከሙም አሉባቸው። ከ35 ዓመት በላይ የሆነች ሴት ስድስት ወር ሞክራ ካልፀነሰች ሁለቱም ሳይዘገዩ እንዲመረመሩ ሐኪሞች ይመክራሉ። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. ለዚህ ችግር የመንግሥት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። ከሶዶ ወደዚያ የሚሄዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛሉ፤ መመላለሱና ማረፊያው ብዙ ወጪ አለው፤ ከ40 ዓመት በኋላም ሕክምናው የሚሳካላቸው ጥቂቶች ናቸው። ይህን አስቀድሞ አውቆ መሄድ ተስፋን መቍረጥ አይደለም። ከባልና ከሚስት ውጭ የሌላ ሰው ዘር ስለሚገባበት አሠራር ግን ሌላ ጥያቄ ነውና አባቶችን መጠየቅ ያሻል፤ እዚህ አንገባበትም።

አንድ ነገር በዚሁ እናንሣ፤ ሰዎች አፍረው ስለማይጠይቁት። ሴት ልትፀንስባቸው የምትችል ቀኖች በየወሩ ስድስት ያህል ናቸው፤ ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው፤ ሌሎችም አጽዋማት አሉ። ዕድሜያቸው የገፋ ባልና ሚስት ይህን ቈጥረው ይጨነቃሉ፤ አንዱ ሊጾም ሌላው ሊተው ሲሻ ጠብ ይነሣል። ጾምን እናቅልል ማለታችን አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ ባልና ሚስት ሲከለከሉ ተስማምተውና ለጊዜው እንዲሆን ማዘዙን ግን አንርሳ። ጕዳዩ በመኝታ ቤት ጠብ ሳይሆን በንስሐ አባት ፊት ይነገር፤ ንስሐ አባትም በቍጣ አይመልሳቸው፤ የነፍስም የሥጋም ሐኪም ያለውን ሰምቶ ይምከራቸው።

ከቤት ወደ ጎረቤት ስንወጣ እመቤታችን ወደ ኤልሳቤጥ የሄደችበትን መንገድ እናገኛለን። ኤልሳቤጥ ፀንሳ እንኳ አምስት ወር ተሰውራ ነበር፤ የብዙ ዘመን ነቀፌታ በአንድ ቀን ከልብ አይወጣም። እመቤታችን ወደ ተራራማው አገር ሄደች፥ ሰላምታ ሰጠች፥ ሦስት ወር ያህል አብራት ተቀመጠች። የጎረቤት ሥራ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በወላይታ ለመስቀል ቅቤ በአንድነት የሚቈጥቡት ሴቶች ዓመቱን ሙሉ ሳይለያዩ መገናኘታቸው ትልቅ ሀብት ነው። ከመካከላቸው ልጅ የዘገየባት ብትኖር ወደ ሆስፒታል ስትሄድ አንዷ ትሸኛት፤ ስትመለስም «ምን ተባለ?» ብለው አይክበቧት፤ ራሷ እስክትናገር ይታገሡ። አራስ ሲጠየቅም «ያማታል» ብለው አይተዋት፤ ይጥሯት፥ መምጣትና መቅረቱን ግን ለእርስዋ ይተዉላት። በሰማንያ ቀን የክርስትና እናት ስትመረጥም እርሷ ትታሰብ፤ ክርስትና እናትነት የስም ጌጥ አይደለምና።

ልጅ ማሳደግም አለ። ለብዙ ዓመት ከአገራችን፥ ከወላይታም ጭምር፥ ብዙ ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ ውጭ አገር ሲሄዱ ኖረዋል፤ በ2010 ዓ.ም. ይህ በሕግ ተከልክሏል። ልጅ የሌለው ቤትና ቤት የሌለው ልጅ በአንድ ቀበሌ ሳሉ ሳይተዋወቁ መኖራቸው ያሳዝናል። ነገር ግን «የሰው ልጅ አሳድጊ፥ በእርሱ ምክንያት የራስሽን ይሰጥሻል» የሚለውን ምክር አንወድደውም፤ ይህም ያው «ይሰጥሻል» ነው፤ ሕፃኑንም መያዣ ያደርገዋል። ያ ሕፃን ለራሱ ሲባል ሊወደድ የመጣ ነው።

በመጨረሻ፥ በእነዚህ ባልና ሚስት ልብ ተቀብሮ የሚኖር አንድ ፍርሃት አለ፤ «ስንሞት ማን ይቀብረናል? ተዝካራችንን ማን ያወጣል?» የሚል። ይህን ዕድሜያቸው ሲገፋ እንጂ በወጣትነታቸው አይናገሩትም፤ ለካህን እንኳ የሚናገሩት ዘግይተው ነው። ለዚህ ፍርሃት መልሱ በሰንበቴው እጅ ነው። ቀብሩን ዕድሩ ይቀብራል፤ ተዝካሩን ግን ብዙ ጊዜ ለልጆች እንተወዋለን። የሰንበቴና የጽዋ ማኅበራት ልጅ የሌላቸውን አባሎቻቸውን አርባና ሙት ዓመት በማኅበሩ መዝገብ ጽፈው፥ ወጪውን ከማኅበሩ ሙዳይ ቢመድቡ፥ ይህንም ባልና ሚስቱ በሕይወት ሳሉ በጉባኤ ቢነግሯቸው፥ ከብዙ የተስፋ ቃል ይልቅ ልባቸውን ያሳርፈዋል። ደብተራውም ካህኑም ስማቸውን በጸሎት ለማንሣት የሚያስፈልጋቸው የተጻፈ ስም ነው፤ እርሱም የክርስትና ስማቸው ስለሆነ ዛሬውኑ ጠይቆ መጻፍ ይቻላል።