የነጋዴና የደንበኛ መተማመን

ደንበኝነት የሚጀመረው ለጥቅም ቢሆንም የሚጸናው በእምነት ነው። ገዢ የዕቃውን ጉድለትና የሚዛኑን ልክ ሁልጊዜ መርምሮ አይዘልቀውም፤ የሻጩን ቃል ይቀበላል። ስለዚህ ሻጭ የሚያውቀውን ጉድለት ለማያውቀው ገዢ መንገር አለበት ወይ የሚለው ጥያቄ ከንግድ አልፎ የኅሊና ጥያቄ ይሆናል።

ይህን የኅሊና ጥያቄ በአንድ የቀድሞ ገበያ እንየው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን በገዙበት ዘመን (እ.ኤ.አ. 1813–1847) ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ ከታጁራና ከሐረር የሚመጡ የሲራራ ነጋዴዎች ገበያ ነበረች። አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ በሚያገለግልበት በዚያ ስፍራ ሙስሊሙ ነጋዴና ክርስቲያኑ ደገኛ ይገበያዩ ነበር። ሃይማኖታቸው ቢለያይም በሚዛን ጉዳይ ትእዛዛቸው አንድ ነው፤ መጽሐፈ ምሳሌ አባይ ሚዛንን ያወግዛል፣ የቁርአን 83ኛ ምዕራፍም የሚከፈተው ሰፍረው የሚያጎድሉትን በማስጠንቀቅ ነው።

ልኩን መሙላት ብቻ ግን አይበቃም፤ ለምን ብሎ መሙላቱም ይታያል። ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው ድርሰቱ፣ ለጥቅሙ ሲል ብቻ የማያጭበረብር ባለሱቅ ሥራው ትክክል ቢሆንም የሞራል ዋጋ እንደሌለው አስረድቷል። ሁለቱ ሃይማኖቶችም ሚዛኑን በፈጣሪ ፊት ያቆሙታል፤ ዳግም ለማይመለስ መንገደኛም ልኩ ሊሞላለት ይገባል። እንግዲህ ደንበኛ ማፍራት የታማኝነት ፍሬ እንጂ ምክንያቱ ሊሆን አይገባም።