የአደን ሽጉጥ ዋጋው ስንት ነው?

ሰው አንድ ዕቃ ለመግዛት ወደ ገበያ ሲወጣ ሦስት ነገር ሊያውቅ ይገባዋል። መጀመሪያው ዕቃው ለምን እንደሚፈለግ ነው። ሁለተኛው ዕቃው ያን ሥራ የሚሠራ መሆኑን ነው። ሦስተኛው ዋጋው ስንት እንደ ሆነና ያንንም ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ነው። ብዙ ሰው ግን ሦስተኛውን ያስቀድምና፣ እርሱንም በግማሹ ብቻ ጠይቆ፣ «ስንት ነው? ቀንስልኝ» ብሎ ይገዛል። ዕቃው ድስት ወይም ጫማ እንደ ሆነ ጉዳቱ ከጥቂት ብር አያልፍም። ዕቃው የጦር መሣሪያ በሆነ ጊዜ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና አገሮች፣ በአጋሮ፣ በሊሙ፣ በጌራ፣ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ ነው። ቡናው ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተሽጦ ገንዘብ በእጅ ሲገባ «ለአደን የሚሆን፣ ዋጋውም የማይጎዳ ሽጉጥ የትኛው ነው?» ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ጠያቂው ወንበዴ ሳይሆን፣ ላቡን አፍስሶ ያገኘውን ገንዘብ በከንቱ እንዳያባክን የሚጠነቀቅ ሰው ነው። ስለዚህ በቁጣ ሳይሆን በምክንያት ሊመለስለት ይገባል። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉና እኛም ከሥሩ እንጀምር።

አደን በአገራችን የቆየ ነገር ነው። ዝሆን፣ አንበሳ ወይም ጎሽ የገደለ ሰው ይከበርና ይሸለም፣ በአደባባይም ይፎክር ነበር። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመነ መንግሥት፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ድረስ፣ የሒርማታ ገበያ ከቡናው ሌላ በዝሆን ጥርስና በዝባድ የታወቀ ነበር። ነገር ግን የአዳኙ ክብር የመጣው ከመግደሉ ብቻ እንዳልነበረ ማስተዋል ያስፈልጋል። ጦር ይዞ ከጎሽ ፊት የቆመ ሰው የራሱን ነፍስ መያዣ አድርጎ ነው የቆመው። አውሬው ሊገድለው ይችል ነበር። ያከበሩትም ሰዎች ያከበሩት ይህን ስለሚያውቁ ነው።

ጠመንጃ በመጣ ጊዜ ሚዛኑ ተለወጠ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ያወጡትን የግራ ጠመንጃ የእኛ ሰዎች «ውጅግራ» ይሉታል። ይህ ጠመንጃ በ1888 ዓ. ም. በዐድዋ ለነፃነታችን ካገለገሉት መሣሪያዎች አንዱ ነው። ያው መሣሪያ በአዳኝ እጅ ሲገባ ደግሞ ዝሆንን ከሩቅ ቆሞ መጣል ቀላል ሆነ። በዘመናት ውስጥ ዝሆኑ ከብዙው የአገራችን ደን ጠፋ። መንግሥትም ጉዳቱን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1944 ቁጥር 61 በሆነው አዋጅ የዱር እንስሳትን አደን በሕግ ወሰነ። ዛሬ የጅማ ልጅ ዝሆን በዱር ሊያይ ቢወድ እስከ ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ መጓዝ ይኖርበታል። እንግዲህ መሣሪያ በራሱ ክፉም ደግም እንዳይደለ፣ ለምን ተያዘ ተብሎ መጠየቅ ያለበት እንደ ሆነ ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ ወጣቱ እንመለስ። ለምን ትፈልገዋለህ ቢሉት ከሦስቱ መልሶች አንዱን ይሰጣል፤ ወይም ሁለቱን ተናግሮ ሦስተኛውን በልቡ ይይዛል።

የመጀመሪያው መልስ «ለሥጋ» የሚል ነው። ድኩላና ሚዳቋ በቡናው ጥላ ሥር ሲያልፉ ይታያሉ፤ ሥጋም ውድ ነው። ይህ ምክንያት ከሆነ መሣሪያው ያን ሥራ ይሠራ እንደ ሆነ እንመርምር። የሽጉጥ ማነጣጠሪያ ከፊተኛው እስከ ኋለኛው ብዙ ጊዜ 16 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እጅ ተንቀጥቅጦ የፊተኛው ማነጣጠሪያ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ከቦታው ቢዛነፍ፣ ጥይቱ በ50 ሜትር ርቀት ላይ 31 ሳንቲ ሜትር ያህል ይስታል። ማነጣጠሪያው 50 ሳንቲ ሜትር በሚራራቅበት ረዥም ጠመንጃ ግን ያው ስሕተት 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል። ይህ በትምህርት ቤት የተማራችሁት የተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ሒሳብ ነው። የድኩላ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ከአንድ ስንዝር ብዙ የማይበልጥ ስለ ሆነ፣ 31 ሳንቲ ሜትር የሳተ ጥይት ወይ ጨርሶ ይስታል፣ ወይም ሆዱን ቀድዶ ያልፋል።

ጉልበቱንም እንመልከት። የጥይት ጉልበት የሚገኘው የክብደቱ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ ነው። 8 ግራም የሚመዝን የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጥይት በሴኮንድ 350 ሜትር ሲበር ጉልበቱ 490 ጁል ነው። 10 ግራም የሚመዝን የአደን ጠመንጃ ጥይት በሴኮንድ 850 ሜትር ሲበር ደግሞ ከ3,600 ጁል በላይ፣ ማለት ከሰባት እጥፍ የሚበልጥ ጉልበት አለው። በእኛ አገር በብዛት የሚታወቀው ማካሮቭ ሽጉጥ ከዚያ ከመጀመሪያው እንኳ ያንሳል። በአሜሪካ በሽጉጥ የሚያድኑ ሰዎች መኖራቸው እውነት ነው። ነገር ግን እነርሱ የሚይዙት በወገብ የሚሸጎጠውን ሳይሆን ረዥም አፈሙዝ ያለውን ከባድ ሽጉጥ ነው። ለዚህ ሥራ ከታወቁት ጥይቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው 44 ማግነም ነው። በዚያ አገር ካሉት ግዛቶች አንዳንዶቹ ደካማ በሆነ ጥይት ትልቅ እንስሳ እንዳይታደን በሕግ ከልክለዋል። ይህን የከለከሉት እንስሳው ቆስሎ እንዳይሠቃይ ነው።

ቆስሎ ወደ ጫካ የገባ ድኩላ ምን ይሆናል? ሌሊቱን በሙሉ ደሙን እያፈሰሰ ይቆይና በማግስቱ ሞቶ ይገኛል፤ ወይም ጅብ ያገኘዋል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም «በክት ነው» ብሎ ይጸየፈዋል። እንግዲህ ለሥጋ ብሎ የተነሣ ሰው ሥጋውንም አላገኘ፣ እንስሳውንም ከሥቃይ አላዳነ። መግደል ባለበት ጊዜ እንኳ ሳያሠቃዩ መግደል የሰውነት ግዴታ ነው። በሬውን የሚያርድ ሰው ቢላዋውን አስቀድሞ የሚስለው ስለዚህ ነው። ደነዝ ቢላዋ ርካሽ ነው ብሎ የሚያርድ ሰው ቢገኝ ሁላችን እናፍርበታለን።

ሁለተኛው መልስ «አዝመራዬን ለመጠበቅ» የሚል ነው። ይህ ከመጀመሪያው የበለጠ ክብደት አለው። ከርከሮ በአንድ ሌሊት የቤተ ሰብ ቀለብ የሚሆነውን በቆሎ ያወድማል። ዝንጀሮና ጦጣ በቀን ይመጣሉ፤ ጃርትም ሥራ ሥሩን ይቆፍራል። ከርከሮን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይበላውምና እዚህ ላይ የሚፈለገው ሥጋው ሳይሆን መራቁ ነው። ከርከሮ የሚመጣው በሌሊት ነው። በሌሊት በበቆሎ ውስጥ አንድ ነገር ሲንኮሻኮሽ የሰማ ሰው ሽጉጡን ወደ ድምፁ ቢተኩስ፣ በዚያ በኩል ያለው ከርከሮ ይሁን ከማማው ወርዶ የሚጠብቅ ጎረቤቱ ይሁን በምን ያውቃል? ዝንጀሮም ቢሆን አንዱ ቢሞት መንጋው ነገ ይመለሳል። የሚያርቀው የሰው ዘወትር መገኘት ነው። አባቶቻችን በማማ፣ በወንጭፍ፣ በውሻና በአጥር ሲጠብቁ የኖሩት ጠመንጃ ስላጡ ብቻ አይደለም። ደግሞም ከርከሮንና ዝንጀሮን የሚቀንሰው ነብር ነው። ነብሩን ለቆዳው ብለን ፈጅተን ከርከሮው በዛብን ብንል የሠራነውን መልሰን አጨድን እንጂ ሌላ አይደለም።

ሦስተኛው መልስ የማይነገረው ነው። በወገብ ሽጉጥ ያለው ሰው በቡና ቤት ሲገባ ይታያል፤ ወንበር ይለቀቅለታል፤ ቃሉም ይሰማል። «ለአደን» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ የዚህ ምኞት ልብስ ነው። ምኞቱ ለምን መጣ ብዬ ወጣቱን አልወቅሰውም፤ መከበርን የማይወድ ሰው የለምና። ነገር ግን በፍርሃት የተገኘ ክብር ባለቤቱ ሽጉጡን የፈታ ቀን አብሮ ይፈታል። አባቱ ለሸንጎ ተጠርቶ ነገር የሚያበርደው፣ ጎረቤቱም የቡና ገንዘቡን ዐደራ የሚያስቀምጥበት ሰው መሣሪያ ሳይታጠቅ ይከበራል።

አንዳንዱ ግን እንዲህ ብሎ ሊመልስልኝ ይችላል፤ «አንተ መምህር ነህ፤ በከተማ ትኖራለህ። የእኔ ቡና በሌሊት ከማድረቂያው ላይ ይሰረቃል። ሌባው ታጥቆ ሲመጣ እኔ ባዶ እጄን ልቁም?» ይህ እውነተኛ ጭንቀት ነው። የዓመት ድካም በአንድ ሌሊት ማጣት ቀላል ነገር አይደለም። የምመልሰው ይህ ነው፤ በመጀመሪያ ይህ ሌላ ጥያቄ ስለ ሆነ በአደን ስም ልንደብቀው አይገባም። ጥበቃ የሚፈልግ ሰው ጥበቃ እፈልጋለሁ ይበል፤ ሕጉም በዚያው ስም ይመልስለት። ሁለተኛ፣ በሌሊት ብቻውን ሽጉጥ ይዞ የሚወጣ ሰው ሌባውን ከማባረር ይልቅ መሣሪያውን ለሌባው ሊያስረክብ ወይም ለአንድ ጆንያ ቡና ሲል ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል። አሥር ጎረቤቶች ተራ ገብተው፣ ፋኖስና ፊሽካ ይዘው፣ ቡናውንም በአንድ ስፍራ ሰብስበው ቢጠብቁ የተሻለ ይሆናል። ለቡና ለቀማ በደቦ የሚሰበሰብ ሕዝብ ለጥበቃው መሰብሰብ አያቅተውም።

እንግዲህ ወደ ዋጋው እንመጣለን። ሻጩ የሚነግርህ ዋጋ የመጀመሪያው ክፍያ ብቻ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ለመለማመጃ የሚሆን ጥይት ይመጣል። ጥይት ለመግዛት የማይችል ሰው ሳይለማመድ ወደ ዱር ይወጣል፤ የሚለማመደውም በሕያው እንስሳ ላይ ይሆናል። በሦስተኛ ደረጃ ሕግ አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም መነገድንም ይከለክላል። የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541/1999ም ያለ ፈቃድ አደንን ይከለክላል። በኮንትሮባንድ የመጣ ሽጉጥ ርካሽ የሚሆነው ይህን ሁሉ ትቶ ስለሚመጣ ነው። ትናንት በዚያ ሽጉጥ ማን እንደ ተገደለበት ሻጩ አይነግርህም። አንተ ግን የተያዝህ ቀን ከሽጉጡ ጋር ታሪኩንም ትወርሳለህ። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ዋጋ ገዥው ራሱ የማይከፍለው ነው። ትራስ ሥር የተቀመጠ ሽጉጥ አባቱ በሌለበት ቀን ልጁ እጅ ይገባል። በጠጅ ቤት የተነሣ ጠብ በቡጢ ቢያልቅ በማግስቱ ሽማግሌ ያስታርቀዋል፤ በሽጉጥ ካለቀ ግን ሁለት ቤት ይፈርሳል። በኦሮሞ ወገኖቻችን ዘንድ ጉማ የሚባል የደም ማስታረቂያ ሥርዐት አለ። ደም የፈሰሰ እንደ ሆነ ካሣውን የሚሸከመው ገዳዩ ብቻ አይደለም፤ ዘመዱ ሁሉ ያዋጣል። ሽጉጡ በተገዛ ቀን ያልተማከረው አጎት፣ ያልጠየቁት የአክስት ልጅ፣ ከብቱን ነድቶ ያመጣል። የአባቶች ሥርዐት አንድ ሰው ብቻውን የሠራውን ብዙዎች እንደሚከፍሉት ከእኛ ቀድሞ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ዔሳው አዳኝ እንደ ነበረ በኦሪት ተጽፏል። ከዱር ደክሞ በተመለሰ ጊዜ ብኩርናውን በአንድ ሳሕን ምስር ሸጠ። ጥፋቱ ማደኑ አልነበረም። የአንድ ሰዓት ረኀብን ከዕድሜ ልክ ክብር ጋር ማመዛዘን አለመቻሉ ነው። ምስሩ ለእርሱ በዚያች ሰዓት «ተመጣጣኝ ዋጋ» መስሎት ነበር።

ስለዚህ ወጣቱ አንባቢዬ ሆይ፣ ምክሬን ባጭሩ ልስጥህ። ለሥጋ ከሆነ ሽጉጥ የአደን መሣሪያ ስላይደለ ርካሹም ውዱም ለአንተ ውድ ነው፤ በዚያ ገንዘብ በግና ፍየል ገዝተህ አርባ። ለአዝመራ ከሆነ አጥርህን አጥብቅ፣ ውሻ አሳድግ፣ ከጎረቤትህ ጋር ተራ ግባ። ከዚህ ሁሉ በኋላ መሣሪያ የግድ ሆኖ ከተገኘ ፈቃድ ካለው መንገድ፣ ለሥራው የሚበቃውን ጠመንጃ፣ ተለማምደህ፣ ቆልፈህ የምታስቀምጥበት ሣጥን አዘጋጅተህ ያዝ፤ ይህን ሁሉ ደምረህም ከአቅምህ በላይ እንደ ሆነ ተወው። ለመከበር ከሆነ ደግሞ ገንዘቡን መልሰህ ወደ ኪስህ አግባ። እጅህ ከመዘርጋቱ በፊት «ይህን ዋጋ ከእኔ ጋር የሚከፍለው ማን ነው?» ብለህ ጠይቅ። የእናትህ፣ የሚስትህ ወይም የልጅህ ስም ወደ አፍህ ከመጣ፣ ገንዘቡን ከመቍጠርህ አስቀድሞ ሄደህ እነርሱን አማክር።