የፊውዝ መቅለጥ መሥዋዕት ነውን?

በወልድያ እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ በሚጋገርበት ቤት የገመዱ ልባስ ተልጦ ሁለቱ ሽቦዎች ሲነካኩ፣ ማለትም በተለምዶ «ኮንታክት» የሚባለው ሲፈጠር፣ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ ይስብ የነበረው መስመር የሚያግደው በማጣቱ በቅጽበት ወደ መቶዎች አምፔር ያሻቅባል። ያን ጊዜ ፊውዝ የተባለው፣ ሆን ተብሎ ከቤቱ ገመድ ሁሉ ቀጥኖ የተሠራው ሽቦ ቀድሞ ግሎ ይቀልጥና መስመሩን ይቆርጠዋል፤ ቤቱ ይጨልማል እንጂ አይነድም።

ይህን መሥዋዕት ማለት ይቻላልን? የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ክርስቶስ ሞትን በፈቃዱ እንደ ተቀበለ አጥብቆ ይናገራል፤ እስልምናም የሥራን ዋጋ በኒያ፣ ማለትም ልብ በወጠነው ሐሳብ ይመዝናል፤ በሁለቱም ሚዛን ፊውዙ (ፍርዱ ውለታ ቢስነት ቢመስልም) ቀሎ ይገኛል፤ አለመቅለጥ አይችልምና። ፈቃድ ያለው የሽቦውን ውፍረት በመረጠው ባለሙያ ዘንድ ነው። ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን ፊውዙ በተቃጠለ ቁጥር ተሰላችቶ በቦታው ወፍራም የመዳብ ሽቦ የሚጠመዝዘው ሰው ነው፤ ኒያው የተቦካው ሊጥ ሳይበላሽ ጋግሮ መጨረስ ብቻ ቢሆንም፣ በሚቀጥለው ኮንታክት ቀድሞ የሚግለው በግድግዳው ውስጥ ከእንጨቱ ጋር የተለሰነው ገመድ ይሆናል።