ውሻን መስጠትና ውሻን መጣል



በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ሲሰሙት ትንሽ የሚመስል ነው። ይኸውም አንድ ቤተሰብ ያሳደገውን ውሻ ማኖር ሲያቅተው ለሌላ ሰው ቢሰጠው ጥፋት ይሆንበታልን? ጥፋት ካልሆነስ እንዴት ባለ መንገድ ሊሰጠው ይገባል? የሚል ነው። «ሰው በተቸገረበት ጊዜ ስለ ውሻ ምን ያስጽፋል?» የሚለን እንደማይጠፋ እናውቃለን። እኛ ግን ጥያቄውን የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ በአሰላ ከተማ በየሰፈራችን ዘወትር የሚያጋጥም ጉዳይ ስለሆነ ነው። ሁለተኛ፣ ውሻ ከስሶ አይሟገትም፤ ሽማግሌም አይልክም። ስለዚህ ሰው ለውሻው የሚያደርገው ነገር ማንም ሳያስገድደው የሚያደርገው በመሆኑ ጠባዩ በግልጽ ይታይበታል።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚጀምር እንመልከት። አንድ አባወራ በክረምት ወራት ሌባ ሲያሰጋው ወይም ጅብ በሌሊት እየመጣ በጎቹን ሲያስፈራራበት ከጎረቤት አንድ ቡችላ ለምኖ ያመጣል። ቡችላው ለልጆች ጓደኛ፣ ለቤቱም ደስታ ይሆናል። ቡቺ ወይም ጃክ የሚል ስም ይወጣለታል። ፍርፋሪ እየበላ ልጆቹን እየተከተለ ያድጋል። ዓመት ሲሞላው ግን ያ ለስላሳ ቡችላ ጉልበት የሞላበት ጎረምሳ ይሆናል። አጥር ይዘላል፤ ጓሮ ይቆፍራል፤ በተሰጣ እህል ላይ ይንከባለላል፤ የጎረቤት ዶሮ ያሳድዳል፤ ከጋሪ ፈረስና ከባጃጅ ጋር ይሽቀዳደማል፤ ልጆቹን እስከ ትምህርት ቤት ደጃፍ ይሸኛል። ግቢው ደግሞ እንደ ድሮው ሰፊ አይደለም። ጓሮ በነበረው ቦታ ላይ የኪራይ ክፍል ተሠርቶበታል፤ ተከራዩም ሕፃን አለው። ስለዚህ ውሻው ቀን በሰንሰለት ይታሰራል። ታስሮ ሲውል ይጮኻል፤ ሲጮኽ ይመታል፤ ሲመታ መናከስ ይጀምራል። በመጨረሻም «ይህ ውሻ አመለኛ ነው» ተብሎ ይፈረድበታል።

ይህ ፍርድ ትክክል ነውን? እኛ አይደለም እንላለን። ሰው ካላመዳቸው እንስሳት ሁሉ ውሻ የመጀመሪያው እንደሆነ፣ ከሰውም ጋር መኖር ከጀመረ ከ15,000 ዓመት በላይ እንደሆነው የዘርፉ ሊቃውንት ይናገራሉ። በዚህ ሁሉ ዘመን ሰው ሲመርጠው የኖረው ለማደን፣ መንጋ ለመጠበቅና ሌሊት ነቅቶ ለማደር ነው። እንግዲህ ያ ጉልበት ከቀድሞ ሰዎች ምርጫ የመጣ እንጂ ከውሻው ክፋት የመጣ አይደለም። የአርሲ ደጋ ደግሞ ሩጫ የሚከበርበት አገር ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ ይሄድ እንደነበረ እኛ የአሰላ ልጆች እየሰማን ያደግነው ነገር ነው። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ ስታገኝ አገሩ ሁሉ በደስታ ተነሥቷል። በልጅ ላይ ሲታይ ጸጋ የምንለውን ጉልበት በውሻ ላይ ሲታይ አመል ማለት ተገቢ አይመስለንም። የጎደለው ቦታና ሥራ ነው እንጂ ውሻው አይደለም።

ታዲያ ቤተሰቡ ምን ያደርጋል? ባየነውና በሰማነው መጠን ሰው ከሦስት መንገዶች አንዱን ይይዛል። አንዱ ውሻውን እስኪሞት ድረስ በአንድ ክንድ ሰንሰለት ማኖር ነው። ሌላው በጆንያ ከትቶ ወደ ኢተያ ወይም ወደ ሳጉሬ በሚሄድ መኪና አስጭኖ ከመንገድ ዳር መጣል ነው። ሦስተኛው ሊያኖረው ለሚችል ሰው መስጠት ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛውን እያደረገ ሦስተኛውን እንዳደረገ አድርጎ ይናገራል። «ሜዳ ለቀቅሁት፤ እንደ ልቡ ይሩጥ ብዬ ነው» ይላል። ነገር ግን ሰው ያሳደገው ውሻ በሜዳ ራሱን ችሎ የሚኖር አውሬ አይደለም። የሰፈሩ ውሾች ተሰብስበው ይነክሱታል፤ ወይም መኪና ይገጨዋል፤ ወይም ጅብ ያገኘዋል። ከዚህ ሁሉ ቢተርፍ ባለቤት የሌለው የከተማ ውሻ ይሆናል፤ እንዲህ ያሉት ውሾች ደግሞ በከተሞቻችን በመርዝ ሲገደሉ መኖራቸው የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። ሰው ለውሻው ዕዳ አለበትን? በአውሮፓ በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሁለት ፈላስፎች በዚህ ነገር ላይ የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። ጀርመናዊው ካንት ማገልገል ያቃተውን ውሻ የገደለ ሰው በውሻው ላይ በደል ፈጸመ ሊባል አይችልም፤ ነገር ግን በገዛ ራሱ ውስጥ ያለውን ሰብአዊነት ይጎዳል፤ ለእንስሳ መጨከን የለመደ ለሰውም ይጨክናልና ብሎ አስተምሯል። እንግሊዛዊው ቤንታም ግን እ.ኤ.አ. በ1789 በታተመው መጽሐፉ እንስሳት ያስባሉን ወይም ይናገራሉን ብሎ መጠየቅ ከቁም ነገር እንደማያደርስ፣ መጠየቅ የሚገባው ሥቃይ ይሰማቸው እንደሆነ ብቻ እንደሆነ አስረድቷል።

በእኛ አስተያየት ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ይጎድላቸዋል። በመንገድ ላይ የምናየው ውሻና በእጃችን ያሳደግነው ውሻ ሁለቱም እኩል ሥቃይ ይሰማቸዋል። ሆኖም ባሳደግነው ላይ ያለብን ግዴታ ይበልጣል። ለምን ቢባል፣ ከእሱ ጋር ያልተጻፈ ውል ስላለን ነው። አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚናገሩት ሆዱን ወድዶ ለሚያጨበጭብ ሰው ነው። ነገር ግን ተረቱን ገልብጠን ብናየው ሌላ ምክር እናገኝበታለን። ውሻው በበላበት ከጮኸ፣ የጮኸለት ቤትም ዕዳ አለበት ማለት ነው። እሱ በብርድና በዝናብ ነቅቶ ሲያድር እኛ ተኝተናል። ፍርፋሪያችንን በልቷል፤ እኛም እንቅልፋችንን ከእሱ አግኝተናል። እንግዲህ ሂሳቡ በአንድ ወገን ብቻ የሚዘጋ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። «ኑሮ ተወዷል፤ ልጅ ሳይጠግብ ለውሻ እንጀራ አይቆረስም፤ ቦታም የለም፤ ተከራዩም ፈርቷል። እንግዲህ ምን እናድርግ?» የሚል ነው። ይህን የሚል ሰው ጨካኝ ነው ብለን አንፈርድበትም። ልጅ ከውሻ ይቀድማል። ግዴታችንም ውሻውን በማንኛውም ዋጋ ይዞ መኖር ነው ብለን አናምንም። እንዲያውም ጉልበተኛውን ውሻ «እወደዋለሁ» እያሉ ዕድሜውን ሙሉ በሰንሰለት ማኖር ከመስጠት የከፋ ነው። ግዴታችን ውሉን በስውር አለማፍረስ ነው። አደራውን መሸከም ያልቻለ ሰው ለሚችል ሰው ማስረከብ ይችላል፤ አደራውን ከገደል አፋፍ ጥሎ መሄድ ግን አይችልም።

በመስጠትና በመጣል መካከል ያለው ልዩነትም ይኸው ነው። የሚሰጥ ሰው ተቀባዩን ያውቀዋል፤ ስለ ውሻው ጠባይ እውነቱን ይነግረዋል፤ ካስረከበም በኋላ ሄዶ ይጠይቃል። የሚጥል ሰው ከሦስቱ አንዱንም አያደርግም። በአርሲ ገበሬ ጊደር ሲገዛ እናቷ ስንት ትታለብ እንደነበረ፣ ምን እንደለመደች፣ ቀንዷ ተዋጊ መሆኑን ሳይጠይቅ ገንዘቡን አይቆጥርም። ሻጩም ነውሯን ቢደብቅ በገበያ ላይ ስሙ ይጠፋል። ውሻ ግን ዋጋ ስለማይወጣበት ማንም ስለ እሱ እውነት የሚናገር የለም። ዶሮ የሚፈጅ ውሻ «የዋህ ነው» ተብሎ ዶሮ ለምታረባ እናት ሲሰጥ አይተናል። ይህ በውሻውም በተቀባይዋም ላይ የተፈጸመ በደል ነው፤ ምክንያቱም በሳምንቱ ውሻው ተመትቶ ይባረራል።

ከውሸት ሁሉ የሚከፋው ግን ለልጅ የሚነገረው ነው። ብዙ ወላጆች ውሻውን ከሰጡ ወይም ከጣሉ በኋላ ለልጃቸው «ጠፋ» ይሉታል። ይህን የሚያደርጉት ልጁ እንዳያዝን በማሰብ እንደሆነ አንጠራጠርም። ነገር ግን ልጁ ጠፋ የተባለውን ውሻ ይፈልጋል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ በየቅያሱ እየተጣራ ይዞራል፤ ማታ ሲጮኽ የሰማው ውሻ ሁሉ የእሱ ይመስለዋል። ከዚያ አንድ ቀን እውነቱን ከጎረቤት ልጅ ይሰማል። በዚያን ጊዜ የሚያጣው ውሻውን ብቻ አይደለም፤ የወላጁን ቃልም ጭምር ነው። ስለዚህ ውሻውን ሲያበላ የኖረው ልጅ በምክሩ ውስጥ ይግባ፤ ምክንያቱ ይነገረው፤ ቢቻልም ራሱ ሰንሰለቱን ይዞ ያስረክብ እንላለን። ያለቅሳል፤ ነገር ግን ሰው አደራውን እንዴት በክብር እንደሚያስረክብ ይማራል።

«ውሻውስ ይረሳል፤ ለእሱ ሁሉም ቤት አንድ ነው» የሚሉም አሉ። በጃፓን ሐቺኮ የተባለው ውሻ ጌታው የነበረው ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1925 ሲሞት ለሌሎች ሰዎች ተሰጥቶ ነበር። እሱ ግን እያመለጠ ጌታውን ይቀበልበት ወደነበረው የባቡር ጣቢያ ይመለስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1935 እስኪሞት ድረስ አሥር ዓመት ያህል እንዲሁ ኖረ። ሁሉም ውሻ እንደ ሐቺኮ ነው አንልም፤ አብዛኛው በትዕግሥት ከተያዘ አዲሱን ቤት ይለምዳል። ነገር ግን መልመድ ጊዜ ይፈልጋል።

አሁን ለማን እንስጥ? ወደሚለው እንምጣ። በከተማችን የተለመደው መልስ «ለባላገር ስጡት» የሚል ነው። በእርግጥም ከጭላሎ ተራራ ግርጌ ያለ ገበሬ ሰፊ ሜዳ አለው፤ በጎች አሉት፤ ጅብም ያሰጋዋል። ጉልበተኛ ውሻ በዚያ ሥራ ያገኛል። በሃይማኖትም በኩል የሚያግድ ነገር የለም። ክርስቲያኑ ውሻን ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ባያስገባም፣ ሙስሊሙም ውሻ የላሰውን ዕቃ ቢያጥብም፣ ሁለቱም በበረታቸው ደጃፍ ውሻ ያሳድራሉ።

ሆኖም እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። በአርሲና በባሌ ተራሮች ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በኦሮምኛ ጄዳላ ፈርዳ ይባላል። በአገሪቱ ሁሉ የቀረው ቁጥር 500 ያህል ብቻ ነው። ከጠላቶቹ አንዱ ደግሞ የእኛው ውሻ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾች ወደ እሱ ይሻገራልና። በባሌ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992፣ እንደገናም በ2003 እና በ2004 በሽታው ገብቶ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ስለዚህ «እንደ ልቡ ይሩጥ» ብለን ያልተከተበ ውሻ ወደ ጭላሎ ወይም ወደ ካካ ተራራ አፋፍ ብንልከው ለአንዱ ያሳየነው ቸርነት ለሌላው ጥፋት ይሆናል።

በሽታው ለሰውም የሚያሰጋ ነው። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች 99 ከመቶው የሚያዙት ከውሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላም በሽተኛው አይድንም ለማለት ይቻላል። ግን ሊከለከል የሚችል ነው። ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 በውሻ የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ካዳነ እነሆ ከ140 ዓመት በላይ ሆኗል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 ከመቶው ከተከተቡ የበሽታው መተላለፍ ሊቆም እንደሚችል የጤና ባለሙያዎች ያስረዳሉ። ሳይከተብ ለገበሬ የተሰጠ ውሻ ለገበሬው ልጆች የተላከ አደጋ ሊሆን ይችላል። ክትባት እንግዲህ ከምክር ያለፈ የሕሊና ግዴታ ነው።

በተግባር ሊደረግ የሚገባውን በአጭሩ እንናገር። ውሻው ከመሰጠቱ አስቀድሞ ይከተብ። ሰው ነክሶ ከሆነ የተነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ውሻውም 10 ቀን ታስሮ ሳይታይ አይሰጥ። ተቀባዩ መጀመሪያ መጥቶ ይየው፤ በእጁም ያብላው። ውሻው ሲሄድ ይተኛበት የነበረው ጆንያ አብሮ ይሂድ፤ የለመደው ሽታ ያረጋጋዋልና። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዳያመልጥ ይጠበቅ፤ በቀን ግን እየተያዘ ይንቀሳቀስ። ሰጪውም ከወር በኋላ ሄዶ ይየው፤ ካልተስማማም መልሶ ይቀበለው።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከላይ ላነሣነው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ውሻን መስጠት ጥፋት አይደለም፤ እውነት ሳይናገሩና ተቀባዩን ሳያውቁ መስጠት ግን መጣል ነው። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ አስቀድሞ ማሰብ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ጎረቤት ዐይኑን የገለጠ ቡችላ ይዞ «ውሰዱ» ሲለን፣ ዛሬ በእቅፍ የሚያዘው ይህ ፍጥረት ከዓመት በኋላ የት ይሮጣል? ማን ያስከትበዋል? ብለን እንጠይቅ። መልስ ካጣን «አንችልም» እንበል። በዚህ ነገር ላይ የተለየ አሳብ ያላችሁ፣ ይልቁንም ውሻ ተቀብላችሁ ያሳደጋችሁ የገጠር ልጆች፣ ጽፋችሁ እንድትልኩልን በትሕትና እንጠይቃለን።